ዲስኮግራፊ፦ የቃሉ ትርጉምና አሠራሩ

ስለ አንድ ድምፃዊ ወይም ባንድ የተጻፈ ነገር ሲያነቡ ወደ መጨረሻው ላይ «ዲስኮግራፊ» የሚል ንዑስ ርእስ ይመጣል። ከሥሩ የአልበም ስምና ዓመተ ምሕረት ተደርድሮ ይገኛል። ብዙ ሰው ቃሉን የለመደው በዚህ መልኩ ነው፤ ስሕተትም የለበትም። «የባንዱ ዲስኮግራፊ ስድስት አልበምና አሥራ አንድ ነጠላ ዜማ ነው» ቢባል ሁሉም ይግባባል። ቃሉ ግን ጠለቅ ያለ ሁለተኛ ትርጉም አለው፦ እያንዳንዱን ቀረጻ ነጥሎ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ከእነማን ጋር እንደ ቀረጸው፣ ከዚያም በየትኛው ሸክላ፣ ካሴት፣ ሲዲ ወይም ፋይል እንደ ወጣ አጣርቶ መመዝገብ። እዚህ የምናየው ይህን ሁለተኛውን ነው። የአልበም ዝርዝር አስተማማኝ የሚሆነው ይህ ሥራ ከሥሩ ሲኖር ብቻ ነውና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ቃሉ «ዲስክ» እና «ግራፊ» ከሚሉ ከግሪክ ከመጡ ሁለት ክፍሎች የተሠራ ነው። የመጻሕፍት ዝርዝር «ቢብሊዮግራፊ» እንደሚባለው ሁሉ የሸክላ ዝርዝር «ዲስኮግራፊ» ተባለ። ካሴት ዲስክ አይደለም፣ ፋይልም ዲስክ አይደለም፤ ሆኖም ስሙ ሁሉንም ጠቅልሎ ቀርቷል። ሠሪው ዲስኮግራፈር ይባላል። በአማርኛ ለመተርጎም ከተፈለገ «የሙዚቃ ሥራዎች ዝርዝር» ከሚለው ይልቅ «የቀረጻዎች ዝርዝር» የሚለው ይቀርበዋል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ሥራው ሁሉ የቆመው እሱ ላይ ነው።

ሙያው መልክ የያዘው በ1930ዎቹ በጃዝ አፍቃሪዎች እጅ ነው። ፈረንሳዊው ሻርል ደሎኔ «ሆት ዲስኮግራፊ»ን ፓሪስ ላይ ያሳተመው በ1936 ነበር። ጃዝ ቀዳሚ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። በዚያ ዘመን ሸክላ መሐል ላይ በተለጠፈው ክብ ወረቀት የሚታተመው የባንዱ መሪ ስም ብቻ ሲሆን፣ አድማጩ የሚፈልገው ደግሞ ያን የትራምፔት ሶሎ የተጫወተው ማን እንደሆነ ማወቅ ነበር። መልሱ ሸክላው ላይ ስለሌለ ሙዚቀኞቹን መጠየቅ፣ የስቱዲዮ መዝገብ ማገላበጥና ቁጥሮችን ማመሳከር ግድ ሆነ።

ሦስቱን ነገሮች መለየት

ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ሦስት ነገሮች በአእምሮዎ ተለያይተው መቀመጥ አለባቸው። ድርሰት ማለት ዜማውና ግጥሙ ነው። ቀረጻ ማለት ያ ድርሰት በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ በተወሰኑ ሰዎች ተጫውቶ የተቀዳበት ድምፅ ነው። እትም ደግሞ ቀረጻው ለሕዝብ የወጣበት ዕቃ ወይም ፋይል ነው። አንድ ድርሰት መቶ ቀረጻ ሊኖረው ይችላል፤ አንድ ቀረጻም በሃያ እትም ሊወጣ ይችላል። የዲስኮግራፊ መሠረታዊ መለኪያ መካከለኛው፣ ቀረጻው ነው። ጀማሪዎች የሚሠሯቸው ዝርዝሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሹት ቀረጻንና እትምን በአንድ መስመር አጣብቆ ከመጻፍ ነው።

ነገሩን ከቅርብ ለማየት የጃዝ ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ በ1959 ያወጣውን «ካይንድ ኦፍ ብሉ» እንውሰድ። ለአልበም ዝርዝር አንድ መስመር ይበቃል፦ የአልበሙ ስም፣ ኮሎምቢያ (አሳታሚው)፣ 1959። አልበሙ ውስጥ ያሉት አምስት ቀረጻዎች ግን በአንድ ቀን አልተሠሩም። ሦስቱ ማርች 2፣ ሁለቱ ኤፕሪል 22 ነው የተቀዱት፤ ለገበያ የቀረቡት ኦገስት 17 ነው። ከአምስቱ በአራቱ ፒያኖ የሚጫወተው ቢል ኤቫንስ ሲሆን በአንዱ ዊንተን ኬሊ ነው። በሌላ አንድ ሥራ ላይ ደግሞ አልቶ ሳክስፎኑ የለም። በዲስኮግራፊ ሥርዓት የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ይጻፋል፦

ማይልስ ዴቪስ። ኒው ዮርክ፣ የኮሎምቢያ 30ኛ ጎዳና ስቱዲዮ፣ ማርች 2 ቀን 1959
ማይልስ ዴቪስ (ትራምፔት)፣ ካነንቦል አደርሌይ (አልቶ ሳክስፎን፣ 1 እና 2 ላይ)፣ ጆን ኮልትሬን (ቴነር ሳክስፎን)፣ ዊንተን ኬሊ (ፒያኖ፣ 1 ላይ)፣ ቢል ኤቫንስ (ፒያኖ፣ 2 እና 3 ላይ)፣ ፖል ቼምበርስ (ቤዝ)፣ ጂሚ ኮብ (ድራም)
1. ፍሬዲ ፍሪሎደር
2. ሶ ዋት
3. ብሉ ኢን ግሪን
እትም፦ ኮሎምቢያ ሲኤል 1355 (ሞኖ)፤ ሲኤስ 8163 (ስቴሪዮ)

ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ። አልበሙ ላይ መጀመሪያ የሚሰማው «ሶ ዋት» ነው፤ እዚህ ግን ሁለተኛ ሆኗል፤ በስቱዲዮ የተቀዳው በዚህ ተራ ስለሆነ ነው። አልበሙ ላይ ያለው ተራ የእትሙ ጉዳይ ስለሆነ የሚመዘገበው በእትሙ ሰንጠረዥ ነው።

ይኸው አልበም ሌሎች ሁለት ትምህርቶች አሉት። በመጀመሪያዎቹ እትሞች ላይ የሁለተኛው ሳይድ ሁለት ሥራዎች ስም ተገላብጦ ታትሟል፤ ስለዚህ የታተመውን ብቻ አምኖ የገለበጠ ሰው ስሕተቱን ያወርሳል። በተጨማሪም ማርች 2 ሥራ ላይ የነበረው የቴፕ ማሽን በዝግታ ይሽከረከር ስለነበር፣ ከዚያ ቴፕ የወጡት ሦስት ሥራዎች በእትሞቹ ላይ ከተጫወቱበት ቅኝት ትንሽ ከፍ ብለው ይሰማሉ። ይህ የታረመው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1990ዎቹ ነው። ይህን ያልመዘገበ ሰው የድሮውንና የአዲሱን እትም ሲያነጻጽር የርዝመት ልዩነት አይቶ ሁለት የተለያዩ ቀረጻዎች ናቸው ብሎ ሊደመድም ይችላል።

ወሰን ማበጀት

ምን እንደሚያስገቡና እንደሚያስቀሩ ቀድመው ይወስኑ፤ ውሳኔውንም በዝርዝሩ ራስ ላይ ይጻፉት። የአንድ ሰው ከሆነ፣ በሌሎች አልበም ላይ በእንግድነት ወይም በአጃቢነት የተሳተፈባቸው ይገባሉ? ያልወጡ ቀረጻዎችስ? ለሬዲዮ የተቀዱትስ? የትኛውም መልስ ትክክል ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ መልሱ በየገጹ ሲለዋወጥ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩ ከሆነ ከ50 የማይበልጡ ቀረጻዎች ያሉት ርእስ ይምረጡ። አሠራሩን በትንሹ ከተለማመዱ በኋላ ማስፋት ይቀላል፤ በ600 ቀረጻ መሐል የዓምዶቹን አቀማመጥ መቀየር ግን አሠቃቂ ነው።

ዕቃውን ማንበብ

ዋናው ማስረጃ ዕቃው ራሱ ነው። ሸክላውን በጠርዙና በመሐል ወረቀቱ ብቻ ይያዙት። አቧራ ካለው የዕቃውን ዓይነት ሳያውቁ ፈሳሽ አያስነኩት። በተለይ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከሩት አሮጌ ሸክላዎች ብዙዎቹ ከሼላክ የተሠሩ ስለሆኑ አልኮል ያሟሟቸዋል፤ ለቪኒል የተሸጠ የጽዳት ፈሳሽ አልኮል ሊኖረው ስለሚችል እዚህ ላይ ብዙ ጥሩ ሸክላ ጠፍቷል።

ከዚያ በዚህ ተራ ያንብቡ፦ መሐል ላይ ያለውን ወረቀት በሁለቱም ሳይድ፣ ሽፋኑን ከፊትና ከኋላ፣ የሽፋኑን ጠርዝ፣ ውስጥ ያለውን ወረቀት፣ በመጨረሻም ዘፈኑ ካለቀበት መስመር እስከ መሐል ወረቀቱ ድረስ ያለውን ባዶ ቀለበት። ይህ ቀለበት ብዙ ሰው አይቶት የማያውቀው ክፍል ነው፤ ለዲስኮግራፈር ግን ብዙውን ጊዜ ከሽፋኑ የበለጠ ይናገራል። በእጅ የተጫረ ወይም በማሽን የተመታ ቁጥር አለበት። ከላይ በቀጥታ ብርሃን ቢያበሩበት አይታይም። የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ወደ ሸክላው ፊት በጣም ዝቅ አድርገው ያብሩና ሸክላውን በቀስታ ያዙሩት፤ ጭረቶቹ ጥላ ሲጥሉ ፊደሉ ይወጣል። በዚሁ አቀማመጥ ፎቶ ያንሱ። በእጅ የተጫረ 1 እና 7፣ ወይም 5 እና የላቲኑ ኤስ ሊምታቱ ስለሚችሉ ፎቶው በኋላ ያስታርቃል።

ያዩትን ሁሉ እንደ ታተመ ይቅዱ። የፊደል ግድፈት ቢኖርም አያርሙት። እርማቱ ሌላ ዓምድ አለው። ግድፈቱ የመጀመሪያውን እትም ከተስተካከለው እትም ለመለየት ብቸኛ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ያየነው የተገላበጠ ስም ለዚህ ይበቃል።

ቁጥሮቹና ሥራቸው

የካታሎግ ቁጥር አሳታሚው ለእትሙ የሰጠው ነው። ሽፋኑና መሐል ወረቀቱ ላይ ጎልቶ ይታያል። የሚያመለክተው ሸቀጡን ስለሆነ ሞኖውና ስቴሪዮው፣ ሸክላውና ካሴቱ የተለያየ ቁጥር ይኖራቸዋል።

የማትሪክስ ቁጥር ግን ሌላ ነው። ሸክላ የሚታተምበት ማስተር የሚታወቅበት ቁጥር ሲሆን በባዶው ቀለበት ላይ፣ አንዳንዴም መሐል ወረቀቱ ላይ በትንሹ ይገኛል። በ78 ዘመን አንድ ሳይድ አንድ ሥራ ብቻ ስለሚይዝ፣ 10 ኢንቹም የሚችለው ሦስት ደቂቃ ገደማ ስለሆነ፣ የማትሪክስ ቁጥሩ የቀረጻው መታወቂያ ሆኖ ያገለግላል። ከቁጥሩ ቀጥሎ ከሰረዝ በኋላ የሚመጣው አሃዝ አብዛኛውን ጊዜ ያው ሥራ በስቱዲዮ ተደጋግሞ ሲቀዳ ይህ ስንተኛው ሙከራ እንደሆነ ይነግራል። ፊት ላይ ያለ ፊደልም ትርጉም አለው፤ ለምሳሌ የአሜሪካው ቪክተር ኩባንያ ለ10 ኢንች የላቲኑን ቢ፣ ለ12 ኢንች ሲ ይጠቀም ነበር። ከ1948 ወዲህ ኮሎምቢያ ያስተዋወቀው ኤልፒ (ረጅም ጊዜ የሚጫወት ሸክላ) ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። አንድ ሳይድ ብዙ ሥራ ስለያዘ ቀለበቱ ላይ ያለው ቁጥር የሳይዱ እንጂ የአንዱ ቀረጻ መታወቂያ መሆኑ ቀረ። ይህን ሳይለዩ የኤልፒን የሳይድ ቁጥር ለስድስት ሥራዎች መታወቂያ አድርጎ መስጠት የተለመደ ስሕተት ነው።

ሙከራን ችላ አይበሉት። አሳታሚዎች አንዳንዴ በአንድ ካታሎግ ቁጥር ሥር ሁለት የተለያዩ ሙከራዎችን አትመዋል። ሁለት ሸክላዎች በወረቀታቸው አንድ ዓይነት ሆነው በድምፃቸው ሊለያዩ ይችላሉ፤ ይህን የሚያጋልጠው ቀለበቱ ላይ ያለው አሃዝ ነው።

አይኤስአርሲ የሚባለው ዓለም አቀፍ የቀረጻ ኮድ 12 ፊደልና አሃዝ አለው፦ 2 መለያ ፊደል፣ 3 የመዝጋቢው ኮድ፣ 2 የዓመት አሃዝ፣ 5 ተራ ቁጥር። እዚህ ያለው ወጥመድ ዓመቱ ነው። የሚያመለክተው ኮዱ የተሰጠበትን እንጂ ቀረጻው የተሠራበትን ዓመት አይደለም። በ1965 የተቀዳ ዘፈን በኮዱ ውስጥ 03 ሊኖረው ይችላል። ባርኮድ ደግሞ የሸቀጥ ቁጥር ነውና ቦታው ከእትሙ ጋር ነው።

ቀን

አራት ዓይነት ዓመት ይገጥምዎታል፤ የተቀዳበት፣ መጀመሪያ የወጣበት፣ ይህ እትም የወጣበትና የመብት ማስታወቂያው ላይ የታተመው። በክብ ውስጥ ያለው የላቲን ፒ የድምፁን ቀረጻ መብት፣ በክብ ውስጥ ያለው ሲ ደግሞ የሽፋኑን ሥዕልና ጽሑፍ መብት ያመለክታል። ከሁለቱ አንዱም የተቀዳበትን ቀን አይነግርም። አዲስ የተሰበሰበ እትም ላይ የታተመው ዓመት ከሥራው ሠላሳ ዓመት ሊርቅ ይችላል።

የተቀዳበት ቀን ካልተገኘ በ78 ዘመን ጥሩ መላ አለ። የማትሪክስ ቁጥሮች በተከታታይ ስለሚሰጡ፣ ቀኑ የሚታወቅ ከፊትና ከኋላ ያለ ቁጥር ካገኙ የእርስዎ ቀረጻ በመካከላቸው ይወድቃል። ሁለት ነገር ይህን ያፈርሰዋል። አንዳንድ ኩባንያ ለየከተማው ስቱዲዮ የቁጥር ክምችት ቀድሞ ስለሚያድል የከፍተኛው ቁጥር ቀረጻ ቀድሞ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ሌላው ያልተሳካ ሥራ ከወራት በኋላ እንደ ገና ሲቀረጽ የድሮውን ቁጥር ይዞ የሙከራው አሃዝ ብቻ ይጨምራል። ስለዚህ መላውን የሚጠቀሙት በአንድ ኩባንያ፣ በአንድ የቁጥር ተከታታይ፣ በአንድ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻ ነው።

ታሪክም ይረዳል። የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር ከኦገስት 1 ቀን 1942 ጀምሮ አባላቱ ለአሳታሚዎች እንዳይቀርጹ ከልክሎ ነበር። ዴካ የተስማማው በሴፕቴምበር 1943፣ ቪክተርና ኮሎምቢያ በኖቬምበር 1944 ነው። እንግዲህ በኮሎምቢያ ሸክላ ላይ ሙሉ ኦርኬስትራ ያጀበው ሥራ «ኒው ዮርክ፣ 1943» ተብሎ ቢገኝ ቀኑ መጠርጠር አለበት፤ ምናልባት ከክልከላው በፊት ተቀድቶ ዘግይቶ የወጣ ነው።

ስሞች

የታተመው ስምና ትክክለኛው ሰው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹ ቻርሊ ፓርከር ከሌላ አሳታሚ ጋር ውል ስለነበረው፣ ሜይ 15 ቀን 1953 ቶሮንቶ ማሲ አዳራሽ የተቀዳው ኮንሰርት ዴቢዩ በተባለው አሳታሚ ሲወጣ «ቻርሊ ቻን» ተብሎ ነው የታተመው። ሁለቱም ስም ይመዘገባል፤ አንዱ «እንደ ታተመ»፣ ሌላው «ማንነት» በሚለው ዓምድ። በዚሁ ቀረጻ ላይ የቻርልስ ሚንገስ ቤዝ በደንብ ስላልተሰማ በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ ደግሞ ቀድቶበታል። እንዲህ ያለው ጭማሪ የራሱ ቀን ያለው ተጨማሪ ቀረጻ ተደርጎ በማስታወሻ ይያዛል እንጂ በኮንሰርቱ ቀን ሥር አይዋጥም።

በአማርኛ ፊደል የታተመ ሸክላ ወይም ካሴት ሲገጥምዎ ሌላ ችግር አለ፦ ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ በሦስት ሽፋን ላይ ሦስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል። ኮምፒውተር ደግሞ ሦስት ሰው ያደርጋቸዋል። መፍትሔው ከታተመው አጠገብ አንድ ወጥ አጻጻፍ የሚይዝ የመፈለጊያ ዓምድ መጨመር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የታተመ ዓመትም እንደ ታተመ ይቀዳል፤ ወር ካልተገለጸ በስተቀር ወደ አንድ የአውሮፓ ዓመት አይመነዘርም። 1966 ዓ.ም. ብቻ ከሆነ «1973/74» ተብሎ መጻፍ አለበት።

ሰንጠረዡ

ማንኛውም የሰንጠረዥ ፕሮግራም ይበቃል። ሁለት ገጽ ይክፈቱ። በ«ቀረጻ» ገጽ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ቀረጻ ሆኖ የራስዎ መለያ ቁጥር (ለምሳሌ 0001)፣ የሥራው ስም፣ ቀን፣ ቦታ፣ ተሳታፊዎች ከመሣሪያቸው ጋር፣ ማትሪክስና ሙከራ፣ ርዝመት፣ ማስታወሻ ይኖሩታል። በ«እትም» ገጽ አሳታሚ፣ የካታሎግ ቁጥር፣ የዕቃ ዓይነት፣ አገር፣ የወጣበት ዓመት፣ ከዚያም የያዛቸው ቀረጻዎች መለያ ቁጥር በየተራቸው። መለያ ቁጥሩ ትርጉም አይኑረው፤ ቀን ወይም ስም ከከተቱበት ቀኑ ሲታረም ቁጥሩ ይዋሻል። አንዴ የተሰጠ ቁጥርም ለሌላ አይሰጥም፤ ረድፉ ቢሰረዝም።

በሁለቱም ገጽ ላይ ፈጽሞ የማይቀር አንድ ዓምድ አለ፦ ይህን ከየት አገኘሁት። «ሸክላው ራሱ፣ ፎቶ 14»፣ «የሽፋን ጽሑፍ»፣ «በጆሮ የተለየ» እያሉ ይሙሉት። በጆሮ የተለየ ሙዚቀኛ ሸክላው ላይ ከታተመ ስም እኩል መቆም የለበትም። በግምት የገባውን በቅንፍ ያስቀምጡ፣ አጠራጣሪውን በጥያቄ ምልክት። ባዶ ቦታ ባዶ ይሁን። ክፍተትን በሚመስል ነገር መሙላት ዲስኮግራፊን ከምንም በላይ ይጎዳዋል፤ ቀጣዩ ሰው ገልብጦ ሲያትመው ግምቱ «ሁለት ምንጭ ያለው እውነት» ይሆናልና።

አንድ ቀረጻ ነው ወይስ ሁለት?

ሁለት እትሞች አንድ ስም ሲይዙ ማዳመጥ ግድ ነው። ሁለቱን ድምፆች እንደ ኦዳሲቲ ባለ ፕሮግራም በሁለት ትራክ አስገብተው የመጀመሪያውን ምት ያገጣጥሙ፣ ከዚያ አብረው ያጫውቱ። አንደኛው በእኩል ፍጥነት ቀስ በቀስ እየራቀ ከሄደ ቀረጻው አንድ ሆኖ የመሣሪያው ፍጥነት ነው የተለየው። 6 በመቶ ያህል የፍጥነት ልዩነት ቅኝቱን በግማሽ ድምፅ ይለውጣል፤ ስለዚህ ርዝመትና ቅኝት አብረው በአንድ ልክ መለወጣቸውን ያረጋግጡ። ሁለቱ ገጥመው ሄደው አንድ ቦታ ላይ ድንገት ቢዘሉ አንዱ ተቆርጧል ወይም ተቀጥሏል። ምቱ አንዴ ቀድሞ አንዴ ዘግይቶ የሚዋዥቅ ከሆነ ግን የተለያየ ሙከራ ነው፤ አዲስ መለያ ቁጥር ይገባዋል። ርዝመትን ብቻ አይመኑ፤ መጨረሻው ቀድሞ የደበዘዘ እትም ያው ቀረጻ ነው።

ድረ ገጾች

በ2000 የተጀመሩት ዲስኮግስና ሙዚክብሬይንዝ በጣም ይረዳሉ፤ መለኪያቸው ግን ይለያያል። ዲስኮግስ የቆመው በእትም ላይ ነው። እያንዳንዱ የተለየ ኅትመት የራሱ ገጽ ኖሮት ተመሳሳዮቹ በአንድ «ማስተር» ሥር ይሰበሰባሉ፤ ስለዚህ የካታሎግ ቁጥርና የቀለበት ጽሑፍ ለማመሳከር ይሻላል። ሙዚክብሬይንዝ ድርሰትን፣ ቀረጻንና እትምን ለየብቻ ስለሚይዝ ከላይ ለገለጽነው አሠራር ይቀርባል። በሁለቱም ላይ መረጃውን የሚሞላው ተጠቃሚ ነውና የሚወስዱትን ነገር ከተለጠፈው ፎቶ ጋር ያስተያዩ። ፎቶ ከሌለ ምንጭዎ ላይ ድረ ገጹንና ያዩበትን ቀን ይጻፉ።

ዝርዝሩን ለሌሎች ሲያጋሩ ራሱ ላይ የእትም ቁጥርና ቀን ያድርጉበት፤ ቀጥሎ የሚያርሙት ሁሉ በየትኛው እትም እንደ ተለወጠ በአንድ መስመር ይያዝ። የፎቶዎቹንም ስም ከካታሎግ ቁጥሩ፣ ከሳይዱና ከክፍሉ ይሥሩት፤ «ሲኤል 1355፣ ሳይድ 2፣ ቀለበት» የሚል ፋይል ከአምስት ዓመት በኋላም ሳይከፍቱት ምን እንደሆነ ይታወቃል።